ሙያ በወረቀት
ስለ ማዱር ጃፍሪ «ጥሪ»፣ ስለ አንድ የኬረላ ፊልምና ለስድስት ሰው ስለተሠራ የሕንድ እራት

በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንዱን ሰው «ሙያህ ምንድን ነው?» ብንለው ሐኪም ነኝ፣ ሹፌር ነኝ፣ መሐንዲስ ነኝ ይለናል። «ሙያ ያላት ሴት ናት» ሲባል ግን ማንም ሐኪም ናት ብሎ አይገምትም። ወጧ ይጣፍጣል ማለት ነው፤ አለቀ። ስለ ሙያ ደግሞ ሁላችንም እየሰማነው ያደግነው ተረት አለ፤ «ሙያ በልብ ነው»። ባለሙያ አይለፈልፍም፣ ሠርቶ ያሳያል ለማለት ነው። ጓዳ ውስጥ ሲገባ ግን ይሄው ተረት ሌላ ትርጉም ያወጣል፦ አይነገርም፣ አይለካም፣ አይጻፍም። «እማ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። «አይተሽ ነዋ!»

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚህ «አይተሽ ነዋ» ነው፤ የሚሄደው ግን ወደ ሕንድ ምግብ ነው፣ በተለይም ወደ አንድ መጽሐፍ። ማዱር ጃፍሪ እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ያሳተመችው የመጀመሪያ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፏ «አን ኢንቪቴሽን ቱ ኢንዲያን ኩኪንግ» ይባላል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱን ልብ በሉት። ጥሪ ነው፤ የጥሪው ቦታ ግን ገበታው አይደለም፣ ምድጃው ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲጠራ «ኑ ብሉ» ይባላል። ጃፍሪ «ኑ አብስሉ» አለች። ሳሎኑን አሳልፋ ጓዳ አስገባችን። የመጽሐፉ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም እዚያው አጠገብ ተቀምጧል ብዬ አምናለሁ።

«የምግብ መጽሐፍ ደግሞ ሒስ ይጻፍለታል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለምን አይጻፍለትም? ተራኪ አለው፣ ድምፅ አለው፣ የሚያናግረው ሰው አለው፣ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገርም አለው። ልብ ወለድን የምንጠይቀው ይሄንኑ አይደል?

ደብዳቤው

ጃፍሪ በ1933 ዴልሂ ተወለደች። ቤቱ ሰፊ፣ ቤተሰቡ ብዙ፣ ማዕድ ቤቱም የራሱ አብሳዮች ያሉት ነበር። ልጅቷ ትበላለች እንጂ አታበስልም። በ1950ዎቹ ትወና ለመማር ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ድራማ አካዳሚ ሄደች። የአገሯ ምግብ ናፍቆት ሲብስባት ለእናቷ ጻፈች። እናትየውም የምግቦቹን አሠራር በደብዳቤ ይልኩላት ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እናትየው ልጃቸውን ጎናቸው አቁመው ቢያስተምሯት ኖሮ «አይተሽ ነዋ» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ባሕር ማዶ ሆና ድስቱን ለማታይ ልጅ ግን «እስኪበቃው አብስዪው» ብሎ መጻፍ ምንም አይፈይድም። የበቃ ምን ይመስላል? ምን ይሸታል? ሽንኩርቱ የቱ ላይ ሲደርስ ነው ቅመሙ የሚገባው? ርቀቱ እናትየውን በእጃቸው የሚያውቁትን በቃል እንዲያወጡት አስገደዳቸው። ሙያ ከልብ ወጥቶ ወረቀት ላይ የወረደው በስደት ምክንያት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ «እማ፣ ሽሮው ጓጎለብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል የድምፅ መልእክት የላከ ሰው ይሄን ደብዳቤ ሳያነበውም ያውቀዋል።

ጃፍሪ በኋላ ኒው ዮርክ ገባች። በ1965 በጄምስ አይቮሪ ፊልም «ሼክስፒር ዋላ» ውስጥ ባሳየችው ትወና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ የብር ድብ ተሸለመች። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ኢስማኢል መርቸንትም የዋዛ ሰው አልነበረም። ለተዋንያኑና ለሠራተኞቹ ራሱ በማብሰል የታወቀ ነበር፤ ኋላም የራሱን የሕንድ ምግብ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1966 የኒው ዮርክ ታይምሱ የምግብ ጸሐፊ ክሬግ ክሌይቦርን ስለዚህች ምግብ ስለምታበስል ተዋናይት ጻፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ መጽሐፉ ወጣ። አርታኢዋ ጁዲት ጆንስ ነበረች፤ የጁሊያ ቻይልድን የፈረንሳይ ምግብ መጽሐፍ ለአሜሪካ አንባቢ ያበቃችው ሴት።

መጽሐፉ የተወለደው ለጓደኛ ከተሠራ እራት ነው። ጃፍሪ በመግቢያዋ እንደምትነግረን ሰዎች «ጥሩ የሕንድ ምግብ የት እናገኛለን?» ብለው ሲጠይቋት የምትልክበት ቦታ አልነበራትም፤ ወደ ቤቷ ትጠራቸው ነበር። እራት መጥራት ግን ማለቂያ የለውም። የጠራሻቸው በሙሉ ሌላ ጊዜም መብላት ይፈልጋሉ። ስለዚህ እናቷ ለእሷ ያደረጉላትን እሷም ለማታውቃቸው ሰዎች አደረገችው፤ ደብዳቤውን ጻፈችላቸው። መጽሐፉን ሳነበው ከሌሎች የሙያው መጻሕፍት የሚለየው ይሄ የደብዳቤ ድምፅ ነው። መጠኑ በማንኪያ፣ ሰዓቱ በደቂቃ ይነገራል፤ ግን የሚናገረው ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ድስቱን የሚያይላችሁ ይመስላል።

«ከሪ» ላይ የተነሳ ክርክር

የመጽሐፉ መግቢያ ጥል አለበት። ጃፍሪ «ከሪ» የሚለውን ቃል አትወደውም። ቃሉ የአንድ ግዙፍ አገርን ምግብ በአንድ ስም ይጠቀልለዋል፤ «የከሪ ዱቄት» የሚባለው የታሸገ ቅመም ደግሞ ስሙን ወደ ጣዕም ይለውጠዋል። ዶሮውም፣ ዓሣውም፣ ድንቹም በዚያው ዱቄት ከተሠራ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። ቃሉ በሕንድ ምግብ ላይ ያደረሰውን ውርደት «ቾፕ ሱይ» በቻይና ምግብ ላይ ካደረሰው ጋር ታነጻጽረዋለች።

ለእኛ ይሄ ክርክር ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ክትፎን፣ ዶሮ ወጥን፣ ሽሮንና ጎመን በሥጋን በአንድ ማሰሮ ጨምሮ «የኢትዮጵያ ምግብ ቅመም ይበዛዋል» ሲል ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ስም ሲጠፋ ልዩነቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጃፍሪ የምግቦቹን ስም፣ የቅመሞቹን ተራ፣ የትኛው እንደሚቆላ፣ የትኛው በዘይት እንደሚነካ ለያይታ ስታስቀምጥ እያበሰለች ብቻ አይደለም፤ እየተከራከረች ነው።

ግን ሁለት ነገር እንታዘብ። አንደኛ፣ በ2003 እንግሊዝ ውስጥ ያሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ ርእሱ ላይ ያንኑ «ከሪ» የሚለውን ቃል ይዞ ወጣ። ሰላሳ ዓመት ረጅም ነው፤ ቃሉም በመሀል ተቀይሯል፤ ሕንዳውያን ራሳቸው እየሳቁ የሚጠቀሙበት ቃል ሆኗል ሊባል ይችላል። እኔ ግን የ1973ቷ ጃፍሪ ትበልጥብኛለች። ቃል የሚጣለውም የሚነሳውም በምክንያት ነው፤ የመጣያው ምክንያት በደንብ ተጽፏል፣ የማንሻው ግን ገበያ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ሙግቷ እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ ራሱ መደራደር ነበረበት። ዝነኛ ከሆኑት አሠራሮቿ አንዱ አበባ ጎመን በዝንጅብልና በድንብላል ቅጠል ነው። የድንብላል ቅጠሉ ግን በመጽሐፉ ውስጥ «የቻይና ፐርስሊ» ነው የሚባለው፤ የኒው ዮርክ ገዢ ቅጠሉን የሚያውቀው በዚያ ስም ነበርና። የሕንድ ቅጠል አሜሪካ ለመግባት የቻይና ፓስፖርት አወጣ ማለት ነው። ይሄን እንደ ሽንፈት አላየውም። ትርጉም የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አንባቢው ገበያ ሄዶ የማያገኘው ትክክለኛ ቃል ድስት ውስጥ አይገባም።

ከአዲስ አበባ ሲነበብ

መጽሐፉ የተጻፈው ቅመም ለሌለው ሰው ነው። እኛ ስናነበው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድንብላሉ፣ እርዱ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ፣ አብሹ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሰናፍጩ ወይ ቤታችን አለ፣ ወይ መርካቶ የቅመም ሱቆች ውስጥ በኬሻ ተደርድሯል። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ ያለን የሚመስለን ነገር ያ ነገር አለመሆኑ።

ከሙን ሲባል ነጭ አዝሙድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ነጭ አዝሙድን ሕንዶችም ያውቁታል፤ አጅዋይን ይሉታል፣ ቦታውም ሌላ ነው። ሄል ሲባል ኮረሪማ የሚጨምርም አለ። በእንግሊዝኛ ኮረሪማን «የኢትዮጵያ ካርዳሞም» ስለሚሉት ይሆናል። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም፤ ኮረሪማ ያለበት ሩዝ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የሚሸተው ግን የእናታችንን ቤት ነው። ትልቁ ወጥመድ ቅቤው ነው። የሕንዱ «ጊ» የተነጠረ ቅቤ ነው፤ የእኛም የተነጠረ ቅቤ ነው። የእኛ ግን ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን ጠጥቶ ነው የሚወጣው። አንድ ማንኪያ የእኛ ንጥር ቅቤ ዳል ውስጥ ከገባ ዳሉ ዜግነቱን ቀየረ።

ከቅመሙ በላይ የሚያስገርመው ግን ተራው ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው በሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ይቁላላል፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ውሃ ጠብ እየተደረገ። ሥራው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቁሌቱ ከተበላሸ የሚያድነው የለም። የምስር ዳል ግን የሚጀምረው በውሃና በእርድ ነው። ሽንኩርት የለ፣ ዘይት የለ። ምስሩ እስኪፈርስ ይቀቀላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ መጥበሻ ላይ ዘይት ወይም ጊ በደንብ ይግላል፣ ከሙኑና ደረቅ ቃሪያው ለጥቂት ሰከንድ ይንጣጣበታል፣ ከዚያ በአንዴ ዳሉ ላይ ይገለበጣል። ታድካ ይሉታል። እኛ የጀመርንበት ጋ እነሱ ይጨርሳሉ።

ዝምድናውም አለ። ጋራም ማሳላ የሚባለውን የቅመም ድብልቅ ብዙ ጊዜ ወደ ማብቂያው ላይ ነው የሚነሰንሱት። ይሄ የእኛ መከለሻ ማለት አይደለም እንዴ? መከለሻ ምን እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ጃፍሪ በብዙ መስመር የምታስረዳውን ነገር አንድ ቃል ይጨርሰዋል። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም፤ ሩቅ ዘመድ ነው። ዘመድ መሆን ግን አደጋም አለው። የኒው ዮርኩ አንባቢ ምንም ስለማያውቅ የተባለውን ያደርጋል። እኛ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እንላለን፤ እጃችንም በልማድ ሽንኩርቱን ይጀምራል።

እራቱ

የምግብ መጽሐፍ ሒስ ሳያበስሉ ቢጻፍ ተውኔትን ሳያዩ እንደመተቸት ነው። ስለዚህ አንድ ዓርብ ማታ ስድስት ሰው ጠራሁ። ዓርብ ስለነበር፣ ከመካከላችን የሚጾሙም ስለነበሩ ምግቡ የጾም ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገለጣል። ሥጋ የማይበላው ሕንዳዊ ማዕድ ያለ ወተት አይቆምም፤ ጊው፣ እርጎው፣ ፓኒሩ ምሰሶዎቹ ናቸው። የእኛ ጾም ደግሞ ወተትን ይከለክላል። ስለዚህ «ሥጋ የለውም» የተባለ ሁሉ ለእኛ ጾም አይሆንም፤ ጊው በዘይት ይተካል፣ እርጎው ይቀራል። የቀረው ግን አሁንም ሀብታም ነው፦ የቀይ ምስር ዳል፣ ሽምብራ በቲማቲም፣ የጃፍሪ አበባ ጎመን በዝንጅብል፣ ባስማቲ ሩዝ።

አራት ዓይነት ምግብ ነው። ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ሽምብራው ከዋዜማው መዘፍዘፍ አለበት። ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ይወቀጣል፣ ሩዙ ይታጠባል፣ ይዘፈዘፋል፣ ምስሩ ይለቀማል። ታድካው ደግሞ የሚሠራው ሰው ሊቀመጥ ሲል ነው፤ ቀድሞ ተሠርቶ አይቀመጥም። እዚህ ላይ መጽሐፉ ራሱ የማይነግራችሁን ነገር ድስቱ ይነግራችኋል፦ ይሄ እራት ለአንድ ባለሙያ የተሰላ አይደለም። ወይ አብሳዮች ያሉበት ቤት ይፈልጋል፣ ወይ አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፣ ወይ ደግሞ እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ።

እኛ ሦስተኛውን አደረግን። አንዱ ሽንኩርት ከተፈ፣ አንዷ ቅመሙን ለካች፣ አንዱ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» እያለ ሲጮህ ነበር። ማንኪያ የሚለካው ልጅ በሕይወቱ ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ የተጻፈ ነገር ማንበብ ግን ይችላል። «አይተሽ ነዋ» በሚባልበት ጓዳ ውስጥ እሱ ቦታ የለውም። ማንኪያና ደቂቃ ባለበት ጓዳ ውስጥ ግን ከማንም እኩል ነው። ጃፍሪን ያመሰገንኳት እዚህ ጋ ነው። ጽሑፍ ሙያን ከውርስ አውጥቶ ትምህርት ያደርገዋል። የተማረ ወንድ ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ «እኔ እኮ አላውቅበትም» ማለት አይችልም። ስንቱ ቤት በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚተዳደር አስቡት።

ከተጠሩት አንዷ የጓደኛችን ታላቅ እህት ነበረች፤ ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች። ጥግ ይዛ ዝም ብላ ስታየን ቆየች። ሩዙ ጋ ስንደርስ ተነሳች። «ልጆች፣ ክዳኑን አትነካኩት» አለች። ሳትለካ ውሃ ጨመረች፣ ሽታውን አዳመጠች፣ እሳቱን ቀነሰች። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ሆኖ ወጣ። ከየት ተማርሽ ስንላት ከምትሠራበት ቤት ከነበረ ሕንዳዊ አብሳይ ነው አለች። ሁለቱም በተሰባበረ ዐረብኛ ነበር የሚግባቡት። እንግዳ ሲመጣ ለሃያ ሰው ቢርያኒ ይሠሩ ነበር። «እኛ የምንበላው ግን ሲመለስ ነው» አለች፤ የተረፈው ሲመለስ ማለቷ ነው። ከዚያ ሌላ ወሬ ተነሳ።

ከገበታው ጀርባ

ይሄ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ አንድ ፊልም አስታወሰኝ። በ2021 የወጣው የጂዮ ቤቢ «ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን» በማላያላም ቋንቋ የተሠራ የኬረላ ፊልም ነው። ኬረላ ለእኛ የማይታወቅ ስም አይደለም፤ በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወላጆቻችንን ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ከዚያ የመጡ ነበሩ። ፊልሙ ግን ከምናውቀው የዘፈንና የዳንስ የሕንድ ፊልም በጣም የራቀ ነው። የሚሰማው የቢላ፣ የዘይት፣ የውሃ ድምፅ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ዳንስ የምትወድ ወጣት (ኒሚሻ ሳጃያን) ለአንድ መምህር (ሱራጅ ቬንጃራሙዱ) ትዳራለች። ሁለቱም በፊልሙ ውስጥ ስም የላቸውም። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ምግቡን የሚያሳየን ስልካችን ላይ እንደምናያቸው የምግብ ቪዲዮዎች ነው፤ ያምራል፣ ይጣፍጣል፣ ያስርባል። ከዚያ ያው መክተፍ፣ ያው መፍጨት፣ ያው መጥረግ ይደጋገማል። ይደጋገማል። ቆንጆ የነበረው ምስል ሳይቀየር ሸክም ይሆናል። ዳይሬክተሩ ምንም አልጨመረም፤ ቪዲዮው የሚቆርጠውን ክፍል አልቆርጥም አለ እንጂ። ወንዶቹ ያኝኩትን ገበታው ላይ ተፍተው ይነሳሉ፤ ሴቶቹ ያንኑ ገበታ ጠርገው ይበላሉ። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያፈሳል፣ ባልየው እንዲያሠራው በተደጋጋሚ ይነገረዋል፣ አያሠራውም።

አማትየው ክፉ ሰው አይደለም። አይጮህም፣ አይማታም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቻትኒው በማሽን ሳይሆን በድንጋይ ቢፈጭ እንደሚሻል ይናገራል። ሩዙም በፕሬዠር ኩከር ሳይሆን በእንጨት እሳት ቢሆን ይመርጣል። «የድሮ ጣዕም» ይፈልጋል፤ ይኸው ነው። ከእኛ መካከል «የሸክላ ድስት ወጥ እኮ ሌላ ነው፣ የሙቀጫ ሚጥሚጣ እኮ ሌላ ነው» ብሎ የማያውቅ ማን አለ? እውነትም ሌላ ነው። ፊልሙ ጣዕሙን አይክድም፤ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ይጠይቃል።

ጃፍሪን እዚህ ጋ መልሰን እናምጣት። በ2019 ያሳተመችው መጽሐፍ በኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ስለሚሠራ የሕንድ ምግብ ነው። የሕንድን ምግብ ከታሸገ ዱቄት ለማዳን የተነሳች ሴት በሰማንያዎቹ ዕድሜዋ ማሽኑን አቀፈችው። የፊልሙ አማት ቢያያት ይቀየማል። እኔ ግን ከሁለቱ ባህሉን የጠበቀችው እሷ ናት እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚያበስለውን ሰው ጊዜ ከጣዕሙ ጋር አብራ ቆጥራዋለች።

ያም ሆኖ ፊልሙ በ1973ቱ መጽሐፍ ላይ የሚጥለው ጥላ አለ። ጃፍሪ ያደገችበት ጣዕም በሠራተኞች እጅ የተሠራ ጣዕም ነው። ምግቦቹ በአብዛኛው የዴልሂና የአካባቢው፣ የተማረና የደላው ቤተሰብ ምግቦች ናቸው፤ የዴልሂውን ነገር እሷም አትደብቀውም። የእናትየው ደብዳቤ የሚጻፈው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። እናትየው የሚያውቁትን ጻፉ፤ ልጅየዋ አሳተመች። ድስቱን ያማስሉ የነበሩት ሰዎችስ? የትኛው አሠራር ከየትኛው እጅ እንደመጣ መጽሐፉን አንብበን መለየት አንችልም። ይሄ የጃፍሪ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የዘርፉ ጠባይ ነው። የምግብ መጽሐፍ «ይከተፋል»፣ «ይቆላል»፣ «ይጨመራል» ይላል። ባለቤት የሌለው ግስ ነው። ማን ይከትፋል?

ያልተጠሩት

ስለ ጥሪው ትልቅነት የተናገርኩትን አላጥፍም። ጓዳውን መክፈት፣ የሚያውቁትን በማንኪያ ለክቶ ለማያውቁት ሰው መስጠት ልግስና ነው። እኛ ጋ የአያቶቻችን ሙያ ስንት ጊዜ አብሯቸው ተቀበረ? «ሙያ በልብ ነው» እያልን ያከበርነው ዝምታ ሴቶቹን ጓዳ ውስጥ ለማቆየትም አገልግሏል። ሙያቸው ካልተጻፈ ሌላ ሰው ሊተካቸው አይችልም፤ የማይተኩ ሰዎች ደግሞ ዕረፍት የላቸውም። እናታችን ስትታመም ቤቱ የሚራበው ለዚህ ነው።

ግን ደብዳቤ የሚጻፍላቸውም የሚጽፉም ሁሉ እኩል አይደሉም። ጃፍሪ ለንደን የሄደችው ልትማር ነው፤ ናፍቆቷ መጽሐፍ ሆነ። የጓደኛችን እህት ዐረብ አገር የሄደችው ልትሠራ ነው። እሷም የሰው አገር ምግብ ተምራለች፤ ያውም በሁለት ባዕድ ቋንቋ መሀል፣ ከአንድ ሌላ ስደተኛ። ያ ሕንዳዊ አብሳይ የሚያውቀውን ሩዝ ለአንዲት ኢትዮጵያዊት አስተላለፈ፤ እሷ ደግሞ አንድ ዓርብ ማታ ለእኛ። ይሄም ደብዳቤ ነው፤ ወረቀት ያላገኘ ደብዳቤ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ስንት ሴቶች ይሄን የመሰለ እውቀት በእጃቸው ይዘው በየሰፈሩ አሉ? ስለ ስደታቸው ስንጽፍ ስቃዩን እንጽፋለን፤ መጻፍም አለበት። ያወቁትን ግን የጠየቃቸው የለም። እነሱም ባለሙያ ናቸው፤ በሁለቱም የቃሉ ትርጉም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። የጃፍሪን መጽሐፍ አግኝታችሁ አብስሉበት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ አይመስልም፤ ድምፁ ሕያው ነው፣ መመሪያው አያሳስትም፣ ከቅመም ጋር ዘመድ ለሆነ አንባቢ ደግሞ ኒው ዮርክ ያላገኘችውን ደስታ ይሰጣል። ስትጨርሱ ፊልሙን እዩ፤ ቢቻል በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ሳህኑ ሳይነሳ። መጽሐፉ «እንዴት» የሚለውን ይመልሳል። «ማን» የሚለውን የሚጠይቀው ፊልሙ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

የጓደኛችንን እህት የቢርያኒ አሠራር ማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምረናል። ውሃው ስንት ኩባያ እንደሆነ ጠየቅናት። «አይታችሁ ነዋ» አለችን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እሷ ስትጨምር እኛ ኩባያ ይዘን አጠገቧ እንቆማለን፤ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር ስሟ ነው።